እምቦጭ ለመንቀል ከጎንደር ወደ ደንቢያ ለሚወርዱ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መጀመሪያ የበረታውም መገጭ ወንዝ ሐይቁን በሚቀላቀልበት በደንቢያ በኩል ነበር። የአንገረብና የቀሃ ወንዞች የከተማችንን እጣቢ ወደ መገጭ ያወርዳሉ፤ አረሙን የሚያፋፋው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ስለዚህ የጎንደር ወጣት ይህን ሥራ እንደ ራሱ ሥራ ይያዘው።

ጊዜው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ቀኑን ከአጥቢያው ካህናትና ከቀበሌው ጋር ቁረጡ። በ12፣ በ21 ወይም በ29 ብትሄዱ ገበሬው በዓል ያከብራል፤ ታንኳም ቀዛፊም አታገኙም፣ ሕዝቡንም ታስቀይማላችሁ። የመንገዱን ሰላም በዋዜማው ደግማችሁ ጠይቁ።

ለ40 ሰው ሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ይበቃል። በጭነት መኪና ላይ ሰው አትጫኑ። የሚጠጣ ውኃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ያዙ፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስት ይሆናል። ስንቁ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ ቢሆን ለጾም ቀንም ይመቻል።

መሣሪያው ጓንት፣ የላስቲክ ቦት ጫማ፣ መንሽና ቃሬዛ ነው። ቃሬዛውን ከሁለት አጣናና ከማዳበሪያ ጆንያ ትሠሩታላችሁ። ማጭድ ግን እቤት ይቅር። ማጭድ ቅጠሉን ቆርጦ ሥሩን ይተወዋል፤ ከሥሩ ጋር የቀረው ግንድ እንደገና ያቆጠቁጣል። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ አንገቱ ያበጠና አየር የሞላው፣ አበባው ሐምራዊ የሆነውን ብቻ ከነሥሩ ንቀሉ። ደንገልን አትንኩ፤ ታንኳ የሚሠራው ከእሱ ነው።

ከባዱ ነገር የተነቀለውን ማራቅ ነው። ብዙ ዘመቻ የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ነቃይ ይሆንና ክምሩ ውኃው ዳር ይቀራል። እርጥብ እምቦጭ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ ውኃ ስለሆነ ሸክሙ ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ ለአንድ ነቃይ ሁለት ተሸካሚ መድቡ፣ በየግማሽ ሰዓቱም አቀያይሩ። የሚደፋበትን ቦታ ገበሬው ያሳያችሁ፤ ጥያቄውም «ክረምት ውኃው እስከየት ይደርሳል?» የሚል ይሁን። የደንቢያ ሜዳ ለጥ ያለ ነው፤ በጥቅምት ደረቅ መስሎ የሚታየው መሬት በነሐሴ ይዋጣል፣ ከዚያ በታች የተከመረውም ተመልሶ ይንሳፈፋል። ከዚያ ወሰን በላይ፣ ከግጦሽና ከማሳ ውጭ፣ በስሱ ዘርጉት። ወፍራም ክምር ላዩ ደርቆ ውስጡ ሕያው ሆኖ ይቆያል። ሲደርቅ የሚያቃጥለውን ሰው ከመመለሳችሁ በፊት ከገበሬዎቹ ጋር ተስማሙ። ካበበ ደግሞ ዘሩ እንዳይረግፍ እየጎተታችሁ ሳይሆን በጆንያ አንሡት፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

ውኃው ውስጥ ከጉልበት በላይ ማንም አይግባ። ጣና ቢልሃርዚያ አለበት፤ በሽታውን የሚያመጣው ከውኃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ የሚገባ ትል ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ ነው፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምራችሁ 4 ሰዓት ሳይሞላ ከውኃው ውጡ፣ ከዚያ በኋላ በደረቁ ላይ ማጓጓዝና መዘርጋት ይቀጥላል። ቦት ጫማ ይረዳል እንጂ ውኃ ከገባበት አያድንም። መዋኘትና ፊትን በሐይቁ ውኃ መታጠብ ክልክል ይሁን። ጉማሬ መኖሩን ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቁ። ወቅቱ የወባም ስለሆነ ረጅም እጅጌ ይለበስ፤ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ያዙ።

እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በየጊዜው አዲስ ቦታ ከመዞር አንድ የዳርቻ ቁራጭ ይዛችሁ በየወሩ ወደዚያው ብትመለሱ ይሻላል፤ ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው ቀላል ነው፣ የሚነቀለው ገና ቡቃያ ነውና። ከጉዞው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ውኃ የነካ ሁሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራውን ያስመርምር፤ ቢልሃርዚያ ከተገኘበት ፕራዚኳንቴል ይታዘዝለታል።