ባልዲው ከታንኩ የሚሻለው ለምንድን ነው?

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። የሽንት ቤቱን ታንክ ሁለት ሦስቴ ተጭናችሁት አልሄድ ብሎ ያስቸገረው ነገር፣ አንድ ባልዲ ውሃ ዘርገፍ ሲደረግበት ጥርግ ብሎ ይሄዳል። የሚገርመው የውሃው መጠን ያው ነው። ዛሬ የሚሸጡት ባለ ሁለት ቁልፍ ታንኮች አብዛኞቹ በትልቁ ቁልፍ 6 ሊትር፣ በትንሹ 3 ሊትር ገደማ ይለቃሉ። ባልዲውም ላይ ብዙ ጊዜ ከዚያ ብዙ የሚበልጥ አንቀዳም። ልዩነቱ ፍጥነት ነው። ባልዲው ያለውን ሁሉ በ2 ሰከንድ ይደፋዋል፤ ታንኩ ደግሞ መውጫው ከጠበበ ወይም ቫልቩ በደንብ ካልተከፈተ ያንኑ ውሃ እየተለማመጠ 10 ሰከንድ ያንቆረቁረዋል። ቀስ ብሎ የሚወርድ ውሃ መቀመጫውን ያርሰዋል እንጂ ምንም አይገፋም።

እኔ ይህን እስክረዳ ብር ከስሬያለሁ። ታንኩ ሌሊቱን ሙሉ ሽው ይላል፣ ስንጫነው ደግሞ አቅም የለውም። አንድ ባለሙያ ጠራሁ፤ ታንኩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ቀየረው። ወር ሳይሞላ ሌላ ጠራሁ፤ እሱም ተንሳፋፊውን ቀየረው። ሦስተኛው መጥቶ ራሱን እየነቀነቀ «ይሄ መቀመጫ ከነታንኩ መቀየር አለበት» ሲለኝ ነው ክዳኑን ራሴ ያነሳሁት። ጥፋተኛው ታንኩ ውስጥ፣ መልቀቂያው ሥር የተቀመጠ፣ ከመዳፌ የማይሰፋ የጎማ ቀለበት ነበር።

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ጥፋቱ የት እንደሆነ ለዩ። መጀመሪያ የባልዲው ፈተና። 6 ሊትር ያህል ውሃ ቅዱና በአንድ ትንፋሽ መቀመጫው ውስጥ ድፉት። ጥርግ ብሎ ከሄደ መውረጃው ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው ታንኩ ውስጥ ወይም ከታንኩ ወደ መቀመጫው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የባልዲው ውሃም መቀመጫውን ሞልቶ ቀስ እያለ ከወረደ ግን ታንኩን አትነካኩት። ነገሩ ከመቀመጫው በታች ነው፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

ሁለተኛው የቀይ ስር ፈተና ነው። የምግብ ቀለም ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ እኔ ቤት የተገኘው ቀይ ስር ነው። የተቀቀለበትን ውሃ ታንኩ ውስጥ ጨምሩና ሳትጫኑት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ የታንኩ ጎማ ያሳልፋል ማለት ነው። ማታ አድርጋችሁት የምትተኙ ከሆነ ለቤተሰቡ ንገሩ፤ እኛ ቤት ጠዋት ላይ ትንሽ ጩኸት ነበር።

ምን ያህል እንደሚያፈስ ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን የታንኩን ውሃ መዝጊያ፣ አንግል ቫልቩን፣ ዝጉ፣ የውሃውን ከፍታ ታንኩ ውስጥ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። የውስጥ ስፋቱ 40 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ታንክ 1 ሴንቲ ሜትር ከጎደለ 0.6 ሊትር ሄዷል። በቀን ሲሰላ 29 ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ጀሪካን ከነትርፉ። ያውም ጀሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ የምንወጣ ሰዎች! ውሃው ከምልክቱ ዝቅ ካላለ፣ ነገር ግን ቫልቩን ስትከፍቱት በትርፍ ውሃ ማስወጫው ቱቦ አናት ላይ እየፈሰሰ ከገባ፣ ተንሳፋፊው የሚወቀሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የውሃው ከፍታ ከቱቦው አናት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም አስተካክሉት።

አሁን እንክፈተው። አንግል ቫልቩን ዝጉ፣ ታንኩን ተጫኑና ባዶ አድርጉት፣ ሥር የቀረውን በስፖንጅ ምጠጡት። ባለ ሁለት ቁልፍ ከሆነ ክዳኑን ዝም ብላችሁ አታንሱ፤ ቁልፉን የያዘው ቀለበት መጀመሪያ መፈታት አለበት፣ አለዚያ ፕላስቲኩ ይሰበራል። ውስጥ መሃል ላይ የቆመው ፕላስቲክ የመልቀቂያ ቫልቩ ነው። አብዛኛው በሩብ ዙር ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ተላቆ ብቻውን ይወጣል፣ ታንኩን ከመቀመጫው መንቀል አያስፈልግም። ብዙ ባለሙያዎች ይህን ለምን እንደማይነግሩን አላውቅም።

ሥሩን ገልብጣችሁ እዩት። ለስላሳ የጎማ ወይም የሲሊኮን ቀለበት አለ። በጣታችሁ ስትዳስሱት የሚያዳልጥ፣ መስመር የወጣበት ወይም የደነደነ ከሆነ ቀይሩት። ቀለበቱን ብቻ ይዛችሁ መርካቶ ሂዱ፣ ከናሙናው ጋር አመሳስላችሁ ግዙ፤ በዓይን ገምታችሁ ከገዛችሁ ትመለሳላችሁ። ለጊዜው ካላገኛችሁ ቀለበቱን አውጥታችሁ ገልብጣችሁ መልሱት፣ ያልተነካው ፊቱ ጥቂት ወራት ያገለግላል። ቀለበቱ የሚያርፍበትን የታንኩን ከንፈርም አትርሱ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ደለል እዚያ ላይ ይተኛል፣ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። በአቼቶ አርሳችሁ በለስላሳው የስፖንጅ ፊት እሹት። በቢላዋ አትፋቁት፤ አንድ ጭረት እስከ ዕለተ ሞቱ ሲያፈስ ይኖራል። ቫዝሊንም አትቀቡት፣ ብዙ ዓይነት ጎማ በቫዝሊን ያብጣል።

ደለሉን በተመለከተ አንድ ልማድ ያዙ። ውሃ ሲጠፋ የታንኩን አንግል ቫልቭ ዝጉ። ሲመለስ መጀመሪያ የእጅ መታጠቢያውን ከፍታችሁ ቡናማው እስኪያልፍ ልቀቁት፣ ከዚያ የታንኩን ክፈቱ። ውሃው ከጣሪያ ሮቶ የሚመጣላችሁ ከሆነና ታንኩ ለመሙላት ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ደግሞ ፍሌክሲብሉ፣ ማለትም ከአንግል ቫልቩ ወደ ታንኩ የሚሄደው ተጣጣፊ ቱቦ፣ የሚገባበትን ቦታ ፈትታችሁ እዩ፤ ትንሽ ወንፊት አለ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ ማጥበቢያ ተሰክቶበታል። ወንፊቱን እጠቡት። ማጥበቢያውን ግን አውጡት፣ ከጣሪያ በራሱ ክብደት ለሚወርድ ውሃ አይሆንም።

ቫልቩ እጃችሁ ላይ እያለ ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንደኛው ከቁልፉ ሥር የሚወርዱት ዘንጎች ናቸው። ረጅም ከሆኑ ክዳኑ ሲዘጋ ቫልቩን ትንሽ ተጭነው ይይዙታል፣ ጎማው አዲስ ሆኖም ያፈሳል። አጭር ከሆኑ ደግሞ ቫልቩ በግማሽ ብቻ ይነሳል። ከቁልፉ ጋር 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት እንዲኖራቸው አድርጋችሁ ጠምዝዟቸው። ሁለተኛው ጎኑ ላይ ከፍና ዝቅ የሚለው ማስተካከያ ነው፤ ቫልቩ መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው እሱ ነው። ታንኩ ሞልቶ ሳለ ግማሹን ብቻ ለቅቆ የሚዘጋ ከሆነ በዚህ ማስተካከያ ሙሉውን እንዲለቅ ማድረግ ይቻላል። አቅጣጫው እንደ ሥሪቱ ይለያያል፣ አንድ ጥርስ እያዛወራችሁ ሞክሩ።

ከተንሳፋፊው ወጥታ ወደ ትርፍ ውሃ ማስወጫው የምትገባ ቀጭን ቱቦ ካለች፣ ጫፏ ከውሃው ከፍታ በላይ ይሁን። ውስጥ ድረስ ከጠለቀች ታንኩን ቀስ እያለች ትመጠዋለች፣ እናንተ ጎማ ስትቀይሩ ትኖራላችሁ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የምታገኙት ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው፤ እጀታ፣ ሰንሰለት፣ እንደ ክዳን የሚነሳ ጎማ። ሰንሰለቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይላላ። ከረዘመ ጎማው ሙሉ አይነሳም፣ ካጠረ አይዘጋም። ጎማ ስትገዙ መውጫው ባለ 2 ኢንች ይሁን ባለ 3 ኢንች ለክታችሁ ሂዱ። እዚያ አገር ከ1994 ጀምሮ አዲስ የቤት መቀመጫ ከ1.6 ጋሎን፣ ማለትም ከ6 ሊትር፣ በላይ እንዳይለቅ በሕግ ተወስኗል። የመጀመሪያዎቹ እየታፈኑ ሰው አማረሩ። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ውሃ መጨመር ሳይሆን መውጫውን ማስፋት ነበር። የባለ 3 ኢንች ቀዳዳ ስፋት የባለ 2 ኢንቹን ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው፣ ያንኑ ውሃ እንደ ባልዲ ይደፋዋል። ለዚህም ነው ውሃ ለመቆጠብ ብላችሁ ታንኩ ውስጥ ጡብ ባታስቀምጡ የምለው። ጡቡ እየተፈረፈረ ጎማው ሥር ይገባል፣ መጠኑ የተቀነሰ ውሃም ጉልበቱ ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ ሁለቴ ትጫናላችሁ።

ቫልቩ ደህና ሆኖ ውሃው አሁንም ከደከመ ወደ መገናኛው እንውረድ። እዚህ ነው ብዙ ጉድ ያለው። ታንኩ መቀመጫው ላይ በቀጥታ የሚቀመጥ ከሆነ መሃላቸው ወፍራም የጎማ ወይም የስፖንጅ ቀለበት አለ፣ በግራና በቀኝ ቡሎን ይታሰራል። አንድ ጓደኛዬ ቤት ስንነቅለው የቀድሞው ሠራተኛ እንዳያፈስ ብሎ ያፈሰሰው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ገብቶ ደርቆ የቀዳዳውን ሲሶ ዘግቶት አገኘን። በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱ። የሸክላ እብጠት፣ የሲሚንቶ ጠብታ፣ ሲሊኮን፣ ያገኛችሁትን አንሱ። ቀለበቱ የሚሠራው ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ሲቀመጥ ነው፤ ሲሊኮን አይፈልግም። ቡሎኖቹ ታንኩ ውስጥ በኩል የጎማ ሮንዴላ ይኑራቸው። ስታጠብቁ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ግራ ግማሽ ዙር፣ ቀኝ ግማሽ ዙር እያላችሁ ታንኩ መወዛወዝ እስኪያቆም ብቻ። ከዚያ በላይ አንድ ዙር ከጨመራችሁ «ጧ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ቀጥሎ የምትገዙት ሙሉ ታንክ ነው።

ታንኩ ግድግዳ ላይ ሆኖ በቱቦ የሚወርድ ከሆነ ቱቦውን ተመልከቱ። እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ፤ እያንዳንዱ ሽብሽብ ውሃውን ይይዘዋል። በለስላሳ ቀጥ ያለ ቱቦ ቀይሩት፣ ማጠፊያውም አንድ ብቻ፣ ዘርጋ ያለ ይሁን። ሁለት ስል ክርኖች ከተከታተሉ ፍጥነቱ እዚያው ያልቃል። ቱቦው መቀመጫው ውስጥ የሚገባበትንም ልክ አስተካክሉ። ከመጠን በላይ ከገባ የውስጡን ግድግዳ ይነካና ውሃው ለሁለት መከፈሉ ቀርቶ በአንድ ጎን ብቻ ይወርዳል።

ከዚያ የከንፈሩ ቀዳዳዎች። ከመቀመጫው ጠርዝ ሥር መስታወት አስገብታችሁ እዩ፣ ግማሾቹ በነጭ ቅርፊት ተደፍነው ታገኛላችሁ። በወፍራም ሽቦ ክፈቷቸው። ሞቅ ያለ አቼቶ በትርፍ ውሃ ማስወጫው ቱቦ አፍስሳችሁ ማደር ይረዳል። ያን ቀን በረኪና እንዳይነካው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ታንኩ ውስጥ የሚጣሉት የክሎሪን ክኒኖችም ይቅሩባችሁ፤ ሽታቸው ደስ ይላል፣ ግን ጎማውን ይበሉታል።

የባልዲውን ፈተና ያላለፈው መቀመጫ ቀርቷል። መጀመሪያ በጎማ ፓምፕ ሞክሩት። ካልሆነ መቀመጫው መነሳት አለበት፣ እዚህ ላይ ባለሙያ ጥሩ፣ ግን አጠገቡ ቁሙ። እኛ አገር መቀመጫውን ከወለሉ ቧንቧ ጋር በሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ነው። ሲሚንቶው ወደ ውስጥ ይፈስና ይደርቃል፣ ወረቀትና ጨርቅ ይይዛል፣ መቀመጫው ሲነቀል ደግሞ ሸክላው ይሰበራል። ለ110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ የሚሆን የጎማ ማገናኛ በገበያ አለ፣ በእሱ ይሁንላችሁ በሉ። አዲስ መቀመጫ የምትገዙ ከሆነም ካለቀለት ግድግዳ እስከ ወለሉ ቀዳዳ መሃል ያለውን ርቀት ለኩ፤ ገበያው ላይ ለ300 እና ለ400 ሚሊ ሜትር የተሠሩ ታገኛላችሁ፣ ካልገጠመ ባለሙያው በተሸበሸበ ቱቦ ሊያቃናው ይሞክራል። እምቢ በሉ። አግድም የሚሄደው ቧንቧ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁልቁለት ይኑረው። ስትለቁ የእጅ መታጠቢያው ሲፎን ጉልጉል ካለ ወይም ከዚያ በኋላ ሽታ ከመጣ ደግሞ ቧንቧው አየር አጥቷል፤ ወደ ጣሪያ የሚወጣው የአየር ቱቦ ተደፍኗል፣ ወይ ከመጀመሪያውም አልተሠራም።

ሁሉን መልሳችሁ ከገጠማችሁ በኋላ ክዳኑን አትዝጉ። አምስት ስድስት ጊዜ ልቀቁት፣ ሙሉው 6 ሊትር በስንት ሰከንድ እንደሚወርድ ቁጠሩ፤ ወደ 4 ከተጠጋ ጥሩ ሠርታችኋል። ቡሎኖቹ ሥር ደረቅ ሶፍት ጠቅልላችሁ እደሩ። ጠዋት ሶፍቱ ከረጠበ ሩብ ዙር ጨምሩ፣ ደረቅ ከሆነ ክዳኑን ዝጉ።