አረንጓዴ ማዳበሪያን ከንቱ የሚያስቀሩ ስህተቶች

ዩሪያ በተወደደ ቁጥር በሱሉልታ፣ በሆለታና በሰንዳፋ አካባቢ የሚያርሱ ሰዎች ስለ አረንጓዴ ማዳበሪያ፣ ማለትም ለአፈሩ ሲባል ተዘርቶ ለጋ ሳለ ስለሚታረስ ተክል፣ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ቬች የሚባለው የመኖ ተክል፣ ግብጦ፣ ባቄላና ማገጥ ሥሮቻቸው ላይ ባሉ እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳሉ፤ ለጋ ሳሉ ታርሰው አፈር ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰብል ይለቁለታል። ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያበላሸው የተክሉ ዓይነት ሳይሆን የጊዜ አያያዝ ነው።

ትልቁ ስህተት ፍሬ እስኪይዝ መጠበቅ ነው። ፍሬ ሲቋጥር ናይትሮጅኑ ወደ ፍሬው ይሄዳል፣ ግንዱም ይጠነክራል። የጠነከረ ግንድ ሲቀበር ደቂቅ ነፍሳቱ እሱን ለማብላላት ከአፈሩ ናይትሮጅን ይሻማሉና ጤፉ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ያኔ ማዳበሪያው አልሠራም ይባላል፤ ያልሠራው ግን ቀኑ ነው። ከተክሉ ግማሽ ያህሉ ሲያብብ መታረስ አለበት። በዚያ ጊዜ አንድ ቶን ደረቅ ክብደት ያለው የጥራጥሬ ተክል ከ25 እስከ 30 ኪሎ ናይትሮጅን ሊይዝ ይችላል፤ 50 ኪሎ ዩሪያ ያለው 23 ኪሎ ነው። እርግጥ የተክሉ ናይትሮጅን ሁሉ በአንድ ክረምት አይለቀቅም። በመጋቢት በበልጉ ዝናብ የተዘራ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ቢታረስ ለሐምሌ ጤፍ ይደርሳል። በልጉ ከከዳ ያለውን ያህል አርሶ ማስገባት እንጂ ክረምቱን ሙሉ ሲያድግ መጠበቅ አያዋጣም።

ሁለተኛው፣ ሳያጭዱ ማረስ ነው። የበሬ ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። ረጅም ቬች ላይ ሲገባ ተክሉ ማረሻው ላይ ይጠመጠማል፣ ግማሹም ላይ ቀርቶ ይደርቃል። መጀመሪያ በማጭድ ማጨድ፣ አጠር አጠር አድርጎ መበተን፣ አንድ ቀን ጠውልጎ ሲለሰልስ ደግሞ ደጋግሞ ማረስ ይሻላል።

ከዚያ ወዲያው መዝራትም ጉዳት አለው። ትኩስ ቅጠል ሲበሰብስ እንደ ጤፍ ያለውን ደቃቅ ዘር ይጎዳል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። በእስያ የሩዝ ማሳዎች ሰስባኒያ የሚባል ናይትሮጅን ሰጪ ተክል ታርሶ ብዙ ሳይቆይ ችግኝ ይተከላል፤ ያ ግን ውሃ በቆመበት ማሳና በሞቃት አገር ነው። የእኛ ሩዝ ያለበት ፎገራ ራሱ ከሱሉልታና ከሆለታ ዝቅ ያለና የሚሞቅ ነው። ሰስባኒያን ለሩዝ በተጻፈው ምክር መሠረት እዚህ ደጋ ላይ የሚዘራ ሰው ቀዝቃዛው ሌሊት እድገቱን ያጓትትበታል። ውሃ ለሚተኛበት ጥቁር አፈር ማገጥ፣ ለኮምጣጣው ቀይ አፈር ግብጦ ይስማማል። ግብጦ መራራ ስለሆነ ልቅ የተለቀቀ ከብትም አይደፍረውም።

አፈሩ በጣም ኮምጣጣ ከሆነ፣ እንደ ሆለታ ዙሪያ ቀይ አፈር፣ ኖራ ሳይጨመርበት ባቄላም ቬችም እባጭ አያበዛም። አንድ ተክል በጥንቃቄ ነቅላችሁ እባጩን ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ናይትሮጅን እየሰጣችሁ አይደለም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ወተት በሚሸጥበት በዚህ ዙሪያ ቬቹ ሙሉ ለሙሉ ታጭዶ ለላሟ ይሰጣል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፣ ከዚያም ማሳው ካለፈው ዓመት የተሻለ እንዲያፈራ ይጠበቃል። አብዛኛው ናይትሮጅን ያለው ከመሬት በላይ ነው፤ ሥሩ ብቻውን ብዙ አይመልስም። መኖ የግድ ከሆነ ማሳውን ከፍሎ የተወሰነውን ለአፈሩ መተው፣ አለዚያ እበቱን ወደ ማሳው መመለስ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ኤንፒኤስን (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበትን ማዳበሪያ) ጨርሶ መተው ስህተት ነው፤ አረንጓዴ ማዳበሪያ ፎስፈረስን ከአየር አያመጣም። የሚቀነሰው ዩሪያው ነው። ምን ያህል እንደሚቀነስ ለማወቅ በጤፉ ማሳ ጠርዝ አንዲት ጠባብ መደብ ላይ እንደወትሮው ሙሉውን ዩሪያ ስጡ፣ የቀረውን በግማሹ ያዙ፣ አጨዳ ላይም ከሁለቱ እኩል ስፋት ካለው ቦታ የተገኘውን ምርት ለየብቻ ወቅታችሁ መዝኑ።