ጭስ ጭስ የሚለውን ዊስኪ እንዴት እንቅመሰው?

ከስኮትላንዷ ደሴት ከአይላ የሚመጣውን ዊስኪ መጀመሪያ ያሸተትኩት ጓደኛዬ ቤት ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞት የገባ ጠርሙስ ነበር። ቡሹ ሲነሳ ክፍሉ ሆስፒታል ሆስፒታል አለ። አዮዲን፣ ፋሻ፣ የጠፋ እሳት። አንዱ «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ብርጭቆውን ገፋ አደረገው። አልተበላሸም። ያ ሽታ ታስቦበት የገባ ነው። ዛሬ ከዊስኪ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። እናንተም አንዴ ፉት ብላችሁ፣ ፊታችሁን አጨፍግጋችሁ እንዳትተዉት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ከመቅመስ በፊት ጭሱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይረዳል። አይላ በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ ያለች ደሴት ናት። ነፋስና ዝናብ አያጣትም። ዛፍ ግን እምብዛም የላትም። ያላት ፒት ነው፦ ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተደራረበ የእፅዋት ብስባሽ። በዓመት የሚጨምረው 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንደ ጡብ ቆርጠው ያወጡትና ነፋስና ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ከዚያ እንደ ኩበት ይነዳል። የበቀለው ገብስ ገና እርጥብ ሳለ በዚህ ጭስ ላይ ይደርቃል። ጭሱ በደንብ የሚይዘው እርጥቡን ብቅል ነው። በወይራ በታጠነ ጋን የተጠመቀ ጠላ የቀመሰ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እኛ ጋኑን እናጥናለን፣ እነሱ ብቅሉን።

ጠርሙስ ስትመርጡ በቁጥር አትታለሉ። የጭሱ ብርታት የሚለካው በፒፒኤም ነው፤ ማለትም በሚሊዮን ውስጥ ስንት እጅ ፌኖል (የጭሱን ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር) እንዳለ። ግን የሚለካው ብቅሉ ላይ ነው። ብቅሉ ሲጠመቅና ሲነጠር ብዙው ይጠፋል። ላጋቩሊንና ኩል ኢላ የተባሉት የአይላ ዊስኪዎች የሚሠሩት 35 ፒፒኤም አካባቢ ከሆነ ብቅል ነው። ሆኖም ላጋቩሊን ወፍራምና ከባድ፣ ኩል ኢላ ቀለል ያለና ሎሚ ሎሚ የሚል ነው። ልዩነቱ ከማንጠሪያው ቅርፅና መጠጡ ተነጥሮ ሲወርድ የትኛው ክፍል ተመርጦ ከመወሰዱ ይመጣል። ለጀማሪ 12 ዓመት በበርሜል የቆየውን ኩል ኢላ እመክራለሁ። ላፍሮይግና አርድቤግ ቀጥለው ይምጡ። አንዳንዱ ከ300 ፒፒኤም በላይ የደረሰው ኦክቶሞር ይቆይ።

ብርጭቆው ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ይሁን። በመለኪያ ቀድተው እንደ አረቄ አንዴ የሚጨልጡት አይደለም። 25 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በረዶ አትጨምሩ፤ ቅዝቃዜ ሽታውን ያፍነዋል። ምግብ በልታችሁ ጀምሩ፤ መኪና የሚነዳ ግን ይለፈው። እጣን የጨሰበት ቤት ውስጥም አይሆንም። ሁለት ጭስ አንድ ላይ አይደመጥም።

አሁን አሽትቱ። ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትክተቱ፤ አልኮሉ ያቃጥላችኋል። አገጫችሁ ጋ ያዙት፣ አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጉና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። መጀመሪያ የሚመጣው ጭስ ብቻ ነው። አስቀምጡት። አምስት ደቂቃ ወሬ አውሩ። ተመለሱ። አፍንጫ ጭሱን ሲለምደው ከኋላው የተደበቀው ብቅ ማለት ይጀምራል፦ ሎሚ፣ ቫኒላ፣ ማር፣ የባህር ዳር ጨዋማ አየር። እኔን የማረከኝ ይህች ሰዓት ናት። ያን ሁሉ ጭስ የተሸከመው መጠጥ ውስጡ ጣፋጭ ነው።

የመጀመሪያዋ ፉት አፍን ለማለማመድ ናት፤ በእሷ አትፍረዱ። ሁለተኛዋን ምላሳችሁ ላይ ጥቂት አቆይዋት። ጣፋጩ ይቀድማል፣ ጭሱ ይከተላል። ከዋጣችሁ በኋላ በአፍንጫችሁ ተንፍሱ። አመድ፣ አንዳንዴም የተጠበሰ ስጋ ታገኛላችሁ።

ከዚያ ውሃ፤ በሻይ ማንኪያ፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ። ውሃ ዊስኪን ያበላሻል የሚል ሰው ሲገጥመኝ አዝናለሁ። በ2017 በስዊድን ሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት ሲፈትሹ፣ ጭስ ጭስ የሚለው ጓያኮል የተባለው ንጥረ ነገር አልኮሉ በውሃ ሲቀንስ ወደ መጠጡ ገጽ እንደሚወጣ አሳዩ። ገጽ ላይ ያለ ነገር ደግሞ አፍንጫ ያገኘዋል። በየጠብታው መሃል እያሸተታችሁ፣ የሚጥማችሁ ቦታ ላይ አቁሙ። ከጎኑ ጥቁር ቸኮሌት ካለ ቁረሱ፤ ጨው የበዛበት አይብም ይሄዳል።

ስትጨርሱ ብርጭቆውን አትጠቡት። ባዶውን ጠረጴዛው ላይ አሳድሩት። ጠዋት አንሱና አሽትቱት። አልኮሉ ተንኖ ሄዷል። የቀረው ትናንት እሳት የነደደበት፣ የቀዘቀዘ ምድጃ ሽታ ነው።