ለአጭር ጉዞ ከመዝናኛ ፓርክ አጠገብ የቤተሰብ ሆቴል እንዴት ይመረጣል?

ልጆች ይዞ ሁለት ሌሊት አድሮ ለመመለስ የሚወጣ ቤተሰብ ሆቴል ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ዋጋውንና ኮከቡን ነው። ለረጅም እረፍት ይሄ ብዙም ክፋት የለውም። በአጭር ጉዞ ግን ከገንዘብ እኩል ሰዓትም ያጥራል። ጠዋት ፓርኩ ሲከፈት በሩ ላይ መገኘት፣ ቀትር ላይ ልጅ የሚያሸልብበት ጊዜ፣ ማታ ከፓርኩ ወጥቶ አልጋ እስኪደረስ የሚፈጀው ጊዜ። እነዚህን ሦስቱን የሚያተርፍላችሁ ሆቴል ምንጣፉ ቢያረጅ፣ ገንዳው ቢጠብም ለእናንተ ጥሩ ሆቴል ነው።

1. ጉዞውን በሰዓት ቁጠሩት

ሆቴል ከመፈለጋችሁ በፊት የምትደርሱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ጻፉ። ብዙ ሆቴሎች ክፍል የሚሰጡት ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ በእነሱ አጻጻፍ 15፡00 ወይም 16፡00 ማለት ነው። የምትለቁት ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። እንግዲህ ሁለት ሌሊት የተባለው ጉዞ ሲመነዘር አንድ ሙሉ ቀንና ሁለት ቁራጭ ቀን ይሆናል።

ቁራጮቹን የሚያድንላችሁን ሆቴል ፈልጉ። ክፍሉ ሳይዘጋጅ ከደረሳችሁ ሻንጣ ይቀበላል? ክፍሉን ካስረከባችሁ በኋላስ እስከ ማታ ያስቀምጥላችኋል? በእነዚያ ሰዓታት ገንዳውንና ልብስ መቀየሪያውን መጠቀም ይቻላል? መልሱ አዎ ከሆነ የመጨረሻውን ቀን ጠዋት በሙሉ ለፓርኩ መስጠት ትችላላችሁ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ራቅ ያለ ርካሽ ቦታ አድሮ በማግስቱ ወደ ፓርኩ በር መዛወርን የሚመክሩ አሉ። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው እኔ አልመክርም። ሻንጣ እንደገና ማሸግና መፍታት፣ ሪሴፕሽን ላይ እንደገና ሰልፍ መያዝ፣ በገንዘብ ያተረፋችሁትን በሰዓት ያስከፍላችኋል።

2. ርቀቱን ከበር እስከ በር በደቂቃ ለኩት

«ለፓርኩ ቅርብ» የሚለውን ጽሑፍ ብቻውን አትመኑ። ካርታ ላይ የፓርኩን ስም ስትጽፉ ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ፓርኩ መሀል ላይ ነው። እናንተ የምትፈልጉት የእንግዶች መግቢያ በር ያለበትን ነጥብ ነው። ከሆቴሉ በር እስከዚያ ነጥብ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ እዩ፤ ትንሽ ልጅ አብሯችሁ የሚራመድ ከሆነ ካርታው ላይ የተጻፈውን እጥፍ አድርጋችሁ ያዙት።

ፍሎሪዳ ያለውን ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ውሰዱ። ግቢው ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አራት ዋና ፓርኮች አሉት፤ እርስ በርስ የተራራቁ ናቸው። ኮንቴምፖራሪ ከሚባለው ሆቴል ከአራቱ ፓርኮች አንዱ ወደሆነው ማጂክ ኪንግደም በእግር ይደረሳል። እዚያው ግቢ ውስጥ ካሉት ኦል ስታር ሆቴሎች ግን አውቶቡስ መያዝ ግድ ነው። ሁለቱም «የዲዝኒ ሆቴል» ናቸው። ካሊፎርኒያ አናሃይም ባለው ዲዝኒላንድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሀርበር ቡሌቫርድ በሚባለው ጎዳና ላይ ያሉ፣ የዲዝኒ ያልሆኑ ሆቴሎች መንገዱን ብቻ ተሻግሮ የፓርኩ በር የሚደረስባቸው ናቸው። የፓርኩን ስም የያዘ ሁሉ ቅርብ አይደለም፣ ያልያዘም ሁሉ ሩቅ አይደለም።

ባቡር ካለ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው። ዲዝኒላንድ ፓሪስ ከከተማዋ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅም ከፓሪስ የሚመጣው የኤር ኢ ኤር ኤ (RER A) ባቡር የመጨረሻ ጣቢያ ከፓርኩ በር ጥቂት እርምጃ ነው። ከመጨረሻው በፊት ባለው ጣቢያ፣ ቫል ዴሮፕ አጠገብ፣ የሚገኝ ሆቴል በአውራ ጎዳና ዳር ካለና በኪሎ ሜትር ከሚቀርብ ሆቴል ሊሻል ይችላል።

የትኛው በር እንደሆነም አጣሩ። ኦርላንዶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2025 የተከፈተው የዩኒቨርሳል ኤፒክ ዩኒቨርስ ከድሮዎቹ ሁለት የዩኒቨርሳል ፓርኮች ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። ቶኪዮ ላይ ሚራኮስታ የሚባለው ሆቴል ያለው ዲዝኒሲ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ቀናችሁን በሙሉ ጎረቤቱ ባለው ዲዝኒላንድ ለማሳለፍ ካሰባችሁ ግን ያ ጥቅም ለእናንተ አይሠራም።

በመጨረሻ መንገዱን በካርታው የጎዳና ፎቶ «ሂዱበት»። የእግረኛ መንገድ አለው? ማቋረጫው መብራት አለው? በመሀል ፈጣን መንገድ ካለ አምስት መቶ ሜትርም ቢሆን የልጅ ጋሪ እየገፉ የሚኬድ አይደለም።

3. ሻትል (ከሆቴል ወደ ፓርክ የሚያመላልስ አውቶቡስ) አለን ካሉ ዝርዝሩን ጠይቁ

ለአጭር ጉዞ ዕድላችሁን የሚወስነው እዚህ ላይ ነው። ማታ ርችቱ ሲያልቅ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ይተማል። ልጁ ትከሻችሁ ላይ ተኝቷል። አውቶቡሱ ሲመጣ ሾፌሩ ጋሪው ይታጠፍ ይላል። በአንድ እጅ ልጁን ደግፋችሁ፣ በሌላው ከጋሪው ስር ያለውን ቦርሳ፣ ጃኬትና የውኃ ጠርሙስ እያወጣችሁ፣ ኋላችሁ ያለው ሰልፍ ይጠብቃል። አውቶቡሱ ከሞላ ደግሞ ቀጣዩን ጠብቁ ትባላላችሁ።

ስለዚህ ለሆቴሉ ጻፉና ይህን ጠይቁ፤ ሻትሉ በየስንት ደቂቃው ነው? የመጀመሪያው ፓርኩ ከመከፈቱ በፊት ይደርሳል? የመጨረሻውስ ፓርኩ ከተዘጋ በኋላ ስንት ሰዓት ላይ ነው? አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል? ይከፈልበታል? ለሌሎች ሆቴሎችም እየቆመ ነው የሚሄደው? በየሁለት ሰዓቱ የሚሄድ ሻትል እንደሌለ ቁጠሩት፤ የታክሲ ወጪ በበጀታችሁ ላይ ደምሩ።

4. የፓርኩ የራሱ ሆቴል ወይስ የውጭ?

የፓርኩ ሆቴል ብዙ ጊዜ ውድ ነው። ግን የሚሸጠው ክፍል ብቻ አይደለም። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ለሆቴሎቹ እንግዶች ከሌላው ሰው 30 ደቂቃ ቀድመው የመግባት ዕድል ይሰጣል። ዩኒቨርሳል ኦርላንዶም በተመረጡ ፓርኮቹ ላይ ለእንግዶቹ ቀድሞ መግቢያ አለው፤ ውድ ከሆኑት ሆቴሎቹ አንዳንዶቹ በድሮዎቹ ሁለት ፓርኮች ሰልፍ የሚያሳጥር ማለፊያም ይጨምራሉ። የጠዋቷ ግማሽ ሰዓት ትንሽ እንዳትመስላችሁ። ሰልፎች የሚረዝሙት ረፋድ ላይ ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት የሚታየውን ተወዳጅ መጫወቻ ቀትር ላይ ብትፈልጉት ከሰዓት በላይ ሊያስጠብቃችሁ ይችላል።

ይሁንና ልጆቻችሁ ማልደው የማይነሱ ከሆነ ለማትጠቀሙበት ነገር አትክፈሉ። ይህን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ራሳችሁን አታታልሉ። ጥቅማ ጥቅሙ ስለሚቀያየርም ክፍል በምትይዙበት ቀን ከፓርኩ የራሱ ገጽ ላይ አንብቡት።

5. ክፍሉን ከልጆቻችሁ አንጻር እዩት

ፍለጋው ላይ የልጆቹን ቁጥርና ዕድሜ በትክክል አስገቡ። «አራት ሰው ይይዛል» ሲባል ሁለት ትልልቅ አልጋ ይሁን ወይስ አንድ አልጋና አንድ ሶፋ አልጋ ፎቶውን አይታችሁ አረጋግጡ። የሕፃን አልጋ ከፈለጋችሁ በነጻ ይሁን በክፍያ፣ ክፍሉ ውስጥ ይግባ አይግባ ጠይቁ።

እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ግን ለመለያ በር ነው። ልጆች ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሲተኙ አንድ ክፍል ውስጥ ያላችሁ ወላጆች መብራት አጥፍታችሁ፣ በሹክሹክታ እያወራችሁ ታመሻላችሁ። መኝታና ሳሎኑ በበር የተለያየ፣ ወይም ቢያንስ የምትቀመጡበት በረንዳ ያለው ክፍል ምሽታችሁን ይመልስላችኋል። ሁለት ክፍል የምትይዙ ከሆነ ጎን ለጎን መሆናቸው አይበቃም፤ በውስጥ በር የሚገናኙ መሆን አለባቸው። ብዙ ሆቴሎች ይህን «ከተገኘ» ብለው ነው የሚመዘግቡት። እሱ ቃል ኪዳን አይደለም፤ የጽሑፍ ማረጋገጫ ጠይቁ።

ፍሪጅ ለወተትና ለመድኃኒት ይጠቅማል። ገንዳው አጥር እንዳለውና የበረንዳው በር እንደሚቆለፍ አጣሩ።

6. ዋጋውን ሙሉ አድርጋችሁ አወዳድሩ

መጀመሪያ የምታዩት ቁጥር የመጨረሻው አይደለም። የመኪና ማቆሚያ፣ አሜሪካ ውስጥ ሪዞርት ፊ የሚባለው የየቀኑ ክፍያ፣ ብዙ የአውሮፓ ከተሞች በሰው የሚያስከፍሉት የማደሪያ ግብር፣ ቁርስ፣ ሻትል፣ ይሄ ሁሉ ይደመራል። አሜሪካ ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎች ከመጀመሪያው በሚታየው ዋጋ ውስጥ እንዲካተቱ የሚያዝ የፌዴራል ደንብ አላት። የመኪና ማቆሚያ ግን እንደ ምርጫ ከታየ ላይካተት ስለሚችል ለብቻው ፈልጉት። መኪና ከያዛችሁ ፓርኩ ራሱ የሚያስከፍለውንም ጨምሩ። ከዚያ በእግር የሚያስኬደው ውድ ሆቴልና ራቅ ያለው ርካሽ ሆቴል ብዙ ጊዜ ይቀራረባሉ።

ቁርስ ከተካተተ የሚጀምርበትን ሰዓት እዩ። ፓርኩ ሊከፈት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የሚጀምር ቁርስ ለእናንተ የለም ማለት ነው።

7. አስተያየቶችን በቤተሰብ ለዩ

አስተያየቶቹን «ቤተሰብ» በሚለው አጣሩና የቅርብ ወራቶቹን ብቻ አንብቡ። «ጫጫታ»፣ «ሻትል»፣ «ሊፍት»፣ «እድሳት» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ከሆቴሉ ፎቶ ይልቅ እንግዶች ያነሱትን እመኑ።

8. ስትይዙ

«1 ክፍል ብቻ ቀረ» የሚለው ቀይ ጽሑፍ አያስደንግጣችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልጅ ባለበት ቤት ትኩሳት ቀጠሮ ስለማይጠብቅ፣ ትንሽ ቢወደድም እስከ ጉዞው ዋዜማ የሚሰረዝና ገንዘብ የሚመለስበትን ዋጋ ምረጡ። ከመክፈላችሁ በፊት በእነዚያ ቀናት ፓርኩ ስንት ሰዓት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ፣ በጥገና የሚዘጋ መጫወቻ እንዳለ ተመልከቱ።

ጉዞው ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ለሆቴሉ ራሱ ደውሉ፤ የያዛችሁበትን ድረ ገጽ ሳይሆን ሪሴፕሽኑን አነጋግሩ። የሕፃን አልጋው፣ የሚገናኙት ክፍሎችና የመጨረሻው ሻትል ሰዓት እንደተመዘገቡ ጠይቃችሁ፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስም ከማረጋገጫው ጋር ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።