የፔይዴይ ሎን ዕዳ ሰብሳቢ ሲያስፈራራዎት በሕግ እንዴት ይጠይቁታል?

ገና አልነጋም። ስልኩ ጮኸ። "ዛሬ ካልከፈልሽ ፖሊስ ሥራ ቦታሽ ድረስ ይመጣል" አላት። እንደ እህቴ የማያት ሴት ናት፤ አሜሪካ ውስጥ በሆም ኬር ትሠራለች። መኪናዋ ተበላሽቶባት ከአንድ ፔይዴይ ሎን ቤት 400 ዶላር ወስዳ ነበር። ሁለት ጊዜ አራዘመችው። በሦስተኛው አቃታት። ከዚያ በኋላ ስልኩ ፋታ አልሰጣትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳትናገር ቆየች። ለምን እንደደበቀችኝ ስጠይቃት "ተበዳሪዋ እኮ እኔ ነኝ፤ ምን አፍ አለኝ?" አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ መልሷ ነው። ዕዳው አንድ ጉዳይ ነው። ዕዳውን የሚጠይቁበት መንገድ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ሕግ ሁለቱን ለየብቻ ያያቸዋል። ገንዘቡ ገና ያልተከፈለ ቢሆንም እንኳ ያስፈራራዎትን ድርጅት መክሰስ ይችላሉ።

ለማያውቀው ሰው፣ ፔይዴይ ሎን እስከሚቀጥለው ደመወዝ የሚሰጥ ትንሽ ብድር ነው። ብዙ ጊዜ ከ500 ዶላር አይበልጥም። ለ100 ዶላር 15 ዶላር ክፍያ ቀላል ይመስላል። ለሁለት ሳምንት ብድር ግን በዓመት ሲሰላ ወለዱ ወደ 391 በመቶ ይደርሳል። ሰው የሚያራዝመው፣ ከዚያም የሚሰምጠው ለዚህ ነው።

1. የሚደውለው ማን ነው?

የደዋዩን ስም፣ የድርጅቱን ስምና የፖስታ አድራሻውን ይጠይቁ። የባንክ ቁጥርዎንና ሶሻል ሴኩሪቲዎን ግን አይስጡ። የሌለ ዕዳ የሚሰበስቡ አጭበርባሪዎች ሞልተዋል። አድራሻውን አልነግርም ያለ ሰው ወዲያውኑ ሊያጠራጥርዎት ይገባል።

ማንነቱን ማወቅ ለሌላም ነገር ይጠቅማል። ዋናው የፌዴራል ሕግ በ1977 የወጣው ፌር ዴት ኮሌክሽን ፕራክቲስስ አክት ነው። በዋናነት የሚመለከተው የሌላውን ዕዳ የሚሰበስበውን፣ እኛ "ኮሌክሽን" የምንለውን ነው። ብድሩን የሰጠው ቤት ራሱ በራሱ ስም ከደወለ ይህ ሕግ በአብዛኛው አይነካውም። የሕግ ቢሮ ወይም ሌላ ድርጅት መስሎ በሌላ ስም ከደወለ ግን ይነካዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። መተው የለበትም። የካሊፎርኒያ፣ የቴክሳስ፣ የፍሎሪዳ፣ የሜሪላንድና የዋሽንግተን ዲሲ ሕጎች አበዳሪውን ራሱንም ይይዛሉ። የሌሎች ስቴቶችን ሕግ ጠበቃ ይነግርዎታል።

በዚያው አጋጣሚ አበዳሪው በስቴትዎ ላይሰንስ እንዳለው ያረጋግጡ። የስቴቱ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ዲሲ የወለድ ጣሪያውን 24 በመቶ ላይ አስሮታል። ኢሊኖይ ከ2021 ጀምሮ 36 በመቶ አድርጎታል፤ ከዚያ በላይ የተሰጠ ብድር እዚያ ዋጋ የለውም። በኢንተርኔት የተወሰደ ብድር ሲሆን ይህን ማጣራት ዕዳውን ራሱን ሊያፈርሰው ይችላል።

2. የተከለከለውን ይወቁ

ዝርዝሩ ረጅም ነው። በብዛት የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው።

ዕዳ ሰብሳቢ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት (በአሜሪካው 8 ኤኤም) በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት (9 ፒኤም) በኋላ መደወል አይችልም። ሰዓቱ የሚቆጠረው እርስዎ ባሉበት ቦታ ነው። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ በሚሠራው ደንብ መሠረት በአንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ ከደወለ እንደ ማስቸገር ይታሰብበታል። በስልክ ካገኘዎት በኋላም 7 ቀን ሳይሞላ መልሶ ከደወለ እንዲሁ ነው። አሠሪዎ እንደማይፈቅድ እያወቀ ሥራ ቦታዎ መደወል አይችልም። ለእህትዎ፣ ለጎረቤትዎ ወይም ለአለቃዎ ዕዳ እንዳለብዎት መንገር አይችልም። መሳደብ ክልክል ነው። ጠበቃ ወይም ፖሊስ ነኝ ብሎ መዋሸትም ክልክል ነው።

የእስር ማስፈራሪያው ለብቻው ይነሳ፤ ሰውን እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነውና። አሜሪካ ውስጥ ፔይዴይ ሎን ስላልከፈለ ብቻ የሚታሰር ሰው የለም። ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። "ዲፖርት ትደረጊያለሽ" የሚሏቸውም አሉ። ያልተከፈለ ብድር ሰውን ከአገር አያስባርርም። ደመወዝዎን ለመቁረጥም መጀመሪያ ከስሰው፣ ፍርድ ቤት ቀርበው መርታት አለባቸው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ዳኛ ቅረብ ብሎ ሲያዝ መቅረት ሌላ ጣጣ ያመጣል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ በእጅዎ ከገባ አይናቁት።

ማስፈራሪያው የአንድ ክፉ ሠራተኛ ጸባይ ነው ብለው ካሰቡ ይህን ይስሙ። በ2014 የፌዴራሉ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ በምህጻሩ ሲኤፍፒቢ፣ ኤስ ካሽ ኤክስፕረስ የተባለውን ትልቅ ፔይዴይ አበዳሪ 10 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ግማሹ ለተበዳሪዎች የሚመለስ ነበር፣ ግማሹ ቅጣት። ቢሮው እንዳለው ሰብሳቢዎቹ የክስና የወንጀል ማስፈራሪያ እየተጠቀሙ ሰዎችን ወደ አዲስ ብድር ይገፏቸው ነበር። ይህ አዙሪት በሥልጠና መጽሐፋቸው ውስጥ በሥዕል ተቀምጦ ተገኝቷል። በ2015 ደግሞ ኢዜድኮርፕ ሰው ቤትና ሥራ ቦታ ድረስ እየሄደ ዕዳ በመጠየቁ ተቀጥቷል።

3. ማስረጃ ይሰብስቡ፤ ክሱ የሚቆመው በዚህ ነው

አንድ ደብተር ይግዙ። ለዚህ ጉዳይ ብቻ ይሁን። ስልክ በመጣ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደወለበትን ቁጥር፣ የሰውየውን ስምና ያለውን ነገር ቃል በቃል ይጻፉ። "አስፈራራኝ" አይበቃም። "ሐሙስ ሥራ ቦታሽ መጥተው በካቴና ይወስዱሻል አለኝ" ብለው ይጻፉት። ያለው በእንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛው ያስፍሩት።

የዚያች እህቴን ደብተር ስናገላብጥ ያየሁትን ልንገርዎት። በሥርዓት ይዛዋለች። በአንዱ መስመር ላይ "12፡40 ደወለ" ይላል። እሷ የጻፈችው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ገና ሳይነጋ፣ በአሜሪካው 6፡40 ላይ። ጠበቃው ቢያነበው ግን ቀትር ላይ የመጣ ስልክ ይመስለዋል። ሕግ የጣሰው ጥሪ ሕጋዊ ሆኖ ሊያልፍ ነበር። ያን ቀን ቁጭ ብለን ሰዓቱን ሁሉ አስተካከልነው። ቀኑንም እንዲሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ያድርጉት። "ኤኤም" እና "ፒኤም" ይለዩ። ከቴሌፎን ኩባንያዎ የጥሪ ዝርዝርዎን ያውርዱና ከደብተሩ ጋር ያመሳክሩ።

ቮይስሜይል አያጥፉ። ለራስዎ በኢሜይል ይላኩት። ቴክስቱን የቁጥሩና የቀኑ ምልክት እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሱ። የመጣ ፖስታ ካለ ከነኤንቨሎፑ ያስቀምጡ። የብድር ውሉን፣ የከፈሉባቸውን ደረሰኞችና የባንክ ስቴትመንቱን አንድ ላይ ያድርጉ። ሰብሳቢዎቹ ለእህትዎ ወይም ለአለቃዎ ደውለው ከሆነ፣ እህትዎ ወይም አለቃዎ የሰሙትን በወረቀት ጽፈው እንዲፈርሙልዎት ይጠይቋቸው።

ስልክ መቅዳት ላይ ግን ይጠንቀቁ። በቨርጂኒያ፣ በዲሲና በቴክሳስ ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች የአንዱ ፈቃድ ይበቃል፤ እሱም የእርስዎ ሊሆን ይችላል። በሜሪላንድ፣ በካሊፎርኒያና በዋሽንግተን ስቴት የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚያ ሳይናገሩ ቢቀዱ ጥፋተኛው እርስዎ ይሆናሉ። ሰብሳቢው ያለው ሌላ ስቴት ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። "ይህን ጥሪ እየቀዳሁት ነው" ብሎ መጀመር ይሻላል። ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ድምፃቸው ይለሳለሳል፣ አለዚያም ይዘጋሉ።

4. በጽሑፍ ይመልሱ፤ ባንኩንም ይዝጉበት

ኮሌክሽኑ መጀመሪያ ባነጋገረዎት በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን መጠንና አበዳሪውን የሚገልጽ ማስታወቂያ መላክ አለበት። እሱን ካገኙ በኋላ 30 ቀን አለዎት። በዚያ ጊዜ ውስጥ "ይህን ዕዳ አልቀበልም፣ ማረጋገጫ ላኩልኝ" ብለው ከጻፉ፣ እስኪልክ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም ግዴታው ነው።

ጨርሶ እንዳያነጋግርዎት ከፈለጉም በደብዳቤ ያስታውቁት። ከዚያ በኋላ መገናኘት የሚችለው ማቆሙን ለማረጋገጥ ወይም የሚወስደውን እርምጃ ለማሳወቅ ብቻ ነው። ዕዳው ግን በዚህ አይሰረዝም፤ ሊከስዎትም ይችላል። ደብዳቤውን በሰርቲፋይድ ሜይል፣ የመቀበያ ፊርማ ተመልሶ በሚመጣበት መንገድ ይላኩ። ኮፒ ያስቀሩ። ከደብዳቤው በኋላ የሚመጣ እያንዳንዱ ስልክ ለክሱ ግብዓት ነው።

አበዳሪው በየጊዜው ከባንክዎ ገንዘብ የሚጎትት ከሆነ፣ ገንዘቡ ቀጥሎ ከሚወጣበት ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀደም ብለው ባንኩን "አቁምልኝ" ይበሉት። በቃል ቢነግሩትም ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ያኔውኑ ይጻፉት። ለአበዳሪውም ፈቃድዎን እንዳነሱ ያሳውቁ። ያልፈቀዱት ገንዘብ ወጥቶ ከሆነ ስቴትመንቱ በደረሰ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ ያመልክቱ።

5. አቤቱታ ያስገቡ

ሲኤፍፒቢ በድረ ገጹና በስልክ አቤቱታ ይቀበላል። አቤቱታው ወደ ድርጅቱ ይላካል፤ አብዛኛውን ጊዜ ድርጅቱ በ15 ቀን ውስጥ ይመልሳል። እዚያ ላይ ግን አያቁሙ። ለስቴትዎ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮና ላይሰንስ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ያስገቡ። አበዳሪ ላይሰንሱን ለሚይዝበት መሥሪያ ቤት ጆሮ ይሰጣል።

አቤቱታው አጭር ይሁን። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን አለኝ። ስለ ወለዱ ግፍ አንድ ገጽ ቢጽፉ ማን ያነበዋል? ከደብተሩ ሦስት አራት መስመር ይበቃል።

አቤቱታ ክስ አይደለም። የክሱን ጊዜ አያቆምልዎትም።

6. ክስ

በፌዴራሉ ሕግ ለመክሰስ ያለዎት ጊዜ ጥፋቱ ከተፈጸመ ጀምሮ 1 ዓመት ብቻ ነው። "በኋላ ነው ያወቅሁት" ማለት በአብዛኛው አያድንም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 እንዲህ ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ጠበቃ ፍለጋ ዛሬ ይጀምሩ።

ገንዘብ የለኝም ብለው አይሸሹ። ይህ ሕግ ካሸነፉ የጠበቃውን ክፍያ ተከሳሹ እንዲከፍል ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ብዙ የሸማች ጠበቆች ከተበዳሪው ቅድሚያ ክፍያ ሳይቀበሉ ጉዳዩን ይይዛሉ። ሲደውሉ "የሸማች መብት ጠበቃ ነዎት? በዕዳ ሰብሳቢ ላይ ክስ ይይዛሉ?" ብለው ይጠይቁ። የኢሚግሬሽን ጠበቃዎ ጎበዝ ቢሆንም ይህ ሥራው ላይሆን ይችላል። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ በአካባቢዎ ያለው ሊጋል ኤይድ በነፃ ያግዛል። እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅዎን አያስተርጉሙ። የደረሰብዎትን ስድብ በልጅዎ አፍ መስማት ከባድ ነው።

ሰብሳቢዎቹ ከተረቱ ለእርስዎ የሚከፍሉት ምንድን ነው? ጉዳት ባያሳዩም ፍርድ ቤቱ በአንድ ክስ እስከ 1,000 ዶላር ሊሰጥ ይችላል። ይህ ለእያንዳንዱ ስልክ አይደለም። ከዚያ በላይ የደረሰብዎት እውነተኛ ጉዳት ለብቻው ይታሰባል። ከሥራ ተባረው ከሆነ፣ ሐኪም ጋር ሄደው ከሆነ፣ እንቅልፍ አጥተው ከሆነ ማስረጃውን ያቅርቡ። ፈቃድ ሳይሰጡ በሞባይልዎ ላይ በተቀረጸ ድምፅ የሚደውሉ ከሆነ ደግሞ በሌላ ሕግ ለአንድ ጥሪ 500 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 1,500 ዶላር መጠየቅ ይቻላል።

ውልዎን ግን ያንብቡ። ብዙዎቹ ክርክሩ በፍርድ ቤት ሳይሆን በግልግል እንዲታይ የሚል አንቀጽ አላቸው። አንዳንዱ ብድሩን በወሰዱ በ30 ወይም በ60 ቀን ውስጥ በደብዳቤ ከዚህ አንቀጽ መውጣት ይፈቅዳል። ቀኑ ካላለፈ ዛሬውኑ ይጻፉ። ቢያልፍም ብዙ ውሎች አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚያየውን የስሞል ክሌምስ ፍርድ ቤትን ክፍት ይተዋሉ፤ እዚያ ያለ ጠበቃ መቅረብ ይቻላል።

ቀድመው ከከሰሱዎት

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሰዎት ወረቀቱ ላይ ያለውን የመልስ ቀን ያክብቡበት። እንደ ስቴቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ቀን ነው። ካልመለሱ እርስዎ በሌሉበት ይፈረድብዎታል። ደመወዝ መቁረጥ የሚመጣው ያኔ ነው። መልስ ሲሰጡ ግን የእነሱን ጥፋት እዚያው በመከላከያ ክስ ማንሳት ይችላሉ። ዕዳው አሮጌ ከሆነም ጠበቃ ሳያነጋግሩ አሥር ዶላርም ቢሆን አይክፈሉ። በብዙ ስቴቶች ትንሿ ክፍያ የይርጋውን ጊዜ፣ ማለትም በዕዳው ለመክሰስ የተወሰነውን ጊዜ፣ እንደገና ታስጀምረዋለች።

ለመታረቅ ከጠየቁዎት፣ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ በእጅዎ ሳይገባ ምንም አይላኩ። ወረቀቱ ላይ የቀረው ዕዳ መሰረዙ፣ ለሌላ ኮሌክሽን እንደማይሸጥና ለክሬዲት ቢሮዎቹ ምን ብለው እንደሚያሳውቁ መኖር አለበት። ያችን ወረቀት ከደብተሩ ጋር አብረው ያኑሯት። የተዘጋ ዕዳ ከዓመታት በኋላ በሌላ ድርጅት ስም ተመልሶ ሲደውል አጋጥሞኝ ያውቃል።