የ15 ኪሎ ቮልት ኬብል በሜገር ሲፈተሽ፦ አደጋው መሣሪያው ከጠፋ በኋላ ነው

5,000 ቮልት የሚያወጣ ሜገር (የኢንሱሌሽን ሬዚስታንስ መለኪያ) የሚሰጠው ከረንት ጥቂት ሚሊ አምፔር ብቻ ስለሆነ ብዙ ባለሙያ ይንቀዋል። ኬብሉን ግን መናቅ አይቻልም። መሐሉ ኮንዳክተር፣ ውጪው የመዳብ ስክሪን፣ በሁለቱ መካከል ኤክስኤልፒኢ የሚባለው የፕላስቲክ ኢንሱሌሽን፤ ይህ ራሱን የቻለ ካፓሲተር ነው። ኬብሉ በኪሎ ሜትር በአንድ ፌዝ 0.25 ማይክሮ ፋራድ አለው እንበል፤ 1 ኪሎ ሜትሩ በ5,000 ቮልት ሲሞላ 3 ጁል ያህል ያጠራቅማል፤ ሦስቱ ፌዞች አንድ ላይ ታስረው ከተለኩ ወደ 9 ይጠጋል። ያንን ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይለቀዋል። መሰላል ላይ ያለን ሰው ንዝረቱ ባይጎዳው እንኳ አወዳደቁ ይጎዳዋል።

ከመለካት በፊት

ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ ከመስመር አውጡና ቆልፉ። ቁልፉ በሚለካው ሰው ኪስ ይሁን። የኬብሉ ጫፎች ከትራንስፎርመሩም ከፓነሉም ይፈቱ፤ አሬስተር (የመብረቅ መከላከያ) እና ፒቲ (የቮልቴጅ መለኪያ ትራንስፎርመር) ካለም እንዲሁ። አንዱ ጫፉ ኧርዝ ላይ የታሰረ ፒቲ ከተረሳ ሜገሩ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ያነባል፤ ደህናውን ኬብል ተበላሽቷል ብላችሁ አስፋልት ልታስቆፍሩ ትችላላችሁ።

የቮልቴጅ መፈተሻውን መጀመሪያ መብራት እንዳለበት በታወቀ መስመር ሞክሩት፤ ሦስቱንም ፌዝ ፈትሹ፤ ተመልሳችሁ እዚያው የታወቀው መስመር ላይ ድገሙት። በመሐል መፈተሻው ተበላሽቶ ቢሆን የምታውቁት በዚህ ብቻ ነው። ከዚያ ኧርዝ አስገቡ፦ ክላምፑ ቀድሞ ኧርዙ ላይ፣ ቀጥሎ ፌዙ ላይ። ሲነሳ በተቃራኒው።

የሚረሳው ማዶ ያለው ጫፍ ነው። እናንተ እዚህ ቁልፉን ስትጫኑ እዚያም 5,000 ቮልት አለ። ስልክ የያዘ ሰው ይቁም፣ ገመድ ይወጠር፣ የፌዞቹ ጫፎች ከእርስ በርሳቸውም ከፓነሉ ብረትም ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቁ። «ጀመርኩ» ካላችሁት በኋላ «እሺ» የሚል መልስ ሳትሰሙ አትጀምሩ።

ልኬቱ

የኬብሉን ራስ በአልኮል በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ አቧራና እርጥበት ከረንት በገጽታው ላይ ያሾልካል። በክረምት ይህ ብቻውን ንባቡን ሊጥለው ይችላል። ችግሩ ካልተወገደ ኢንሱሌሽኑ ላይ ባዶ የመዳብ ሽቦ ጠቅልላችሁ ከሜገሩ ጋርድ (በገጽታ የሚሾልከውን ከረንት ከንባቡ የሚያስወጣ ተርሚናል) ጋር አገናኙት። የማይለኩትን ሁለት ፌዞች ከስክሪኑ ጋር ኧርዝ ላይ እሰሩ፤ ካልታሰሩ እነሱም ቻርጅ ይይዛሉ። አሁን የሚለካውን ፌዝ ኧርዝ አንሱ።

በ500 ቮልት ጀምሩ። እዚያ ላይ ሾርት ካሳየ ወደ 5,000 መውጣት ትርፉ ድካም ነው። ደህና ከሆነ 5,000 ላይ 1 ደቂቃ ያዙ፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ መውጣት አለበት። ከቁጥሩ ይልቅ ሦስቱን ፌዞች ማወዳደሩ ይበልጣል፦ ሁለቱ 8 ጊጋ ኦም ሆነው አንዱ 40 ሜጋ ኦም ከሆነ ጥርጣሬው እዚያ ነው። ሙቀቱንም ጻፉ፤ በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ ሬዚስታንሱ በግምት በግማሽ ስለሚወርድ የሠመራ ቀትር ንባብ ከአዲስ አበባ ማለዳ ጋር በቀጥታ አይወዳደርም።

ዲስቻርጅ

ሜገሩን አቁሙ፤ ምንም አትንኩ። በሜገሩ ማሳያ ላይ የሚታየው ቮልቴጅ ከ50 በታች እስኪወርድ ጠብቁ፤ ከዚያ በዲስቻርጅ ዱላ መጀመሪያ በሬዚስተር በኩል፣ ቀጥሎ በቀጥታ ከኧርዝ ጋር አገናኙ። ክላምፑ ከፈተናው ጊዜ ቢያንስ አራት እጥፍ ይቆይ፦ ለ1 ደቂቃ ልኬት 4 ደቂቃ፣ ለ10 ደቂቃ 40። ኢንሱሌሽኑ ውስጥ የሰረገው ቻርጅ የሚወጣው በዝግታ ነው፤ ኧርዙን ቶሎ ካነሳችሁት ዜሮ የነበረው ቮልቴጅ ማንም ሳይነካው ተመልሶ ይወጣል። የሜገሩን ገመድ ወደ ሌላው ፌዝ የምታዛውሩት ይህ ካለቀ በኋላ ነው።

ክላስ 0 ጓንት የተሠራው እስከ 1,000 ቮልት ኤሲ ነው፤ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ ክላስ 1 እስከ 7,500 ነው። ከማጥለቃችሁ በፊት አፉን ጠቅልላችሁ አየር ያዙበት፤ ከተነፈሰ ጣሉት።

ስንት ኧርዝ እንዳስገባችሁ መጀመሪያ ላይ ጻፉ። ኬብሉ መልሶ ከመታሰሩ በፊት ማዶ ያለውን ጨምሮ ያንኑ ቁጥር አውጡ፤ አንድ ከቀረ ብሬከሩ የሚገባው ሾርት ላይ ነው።