በጅማ ከተማ መንገድ ለመቁረጥ የሚያዝ ዋስትና፦ ደብዳቤው ተጽፎ እስኪመለስ

የውሃ መስመር ወይም ኬብል ለመቅበር መንገድ የሚቆርጥ፣ አሸዋና ድንጋይ መንገድ ላይ የሚያራግፍ፣ የእግረኛ መሄጃ በቆርቆሮ የሚያጥር ሥራ ተቋራጭ ከፈቃዱ ጋር ዋስትና ሊጠየቅ ይችላል። መንገዱ እንደነበረ ካልተመለሰ ማዘጋጃ ቤቱ በሌላ አስጠግኖ ወጪውን ከዋስትናው ይወስዳል። ለአሠሪያችሁ ያስያዛችሁት የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ይህን አይሸፍንም፤ ያ የተጻፈው ለአሠሪው ነው፣ ይሄኛው ለመንገዱ ባለቤት።

ስለዚህ መጀመሪያ መንገዱ የማን እንደሆነ አጣሩ። የሰፈር ኮብልስቶን የከተማው ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከአጋሮ ወይም ከቦንጋ የሚመጣውን ዋና መንገድ የምትነኩ ከሆነ ግን የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርም ሊመለከተው ስለሚችል መልሱን በጽሑፍ ያዙ። በተሳሳተ ተጠቃሚ (ዋስትናው የሚጻፍለት መሥሪያ ቤት) ስም የወጣ ዋስትና እንደገና ይሠራል፤ የባንኩ ኮሚሽንም እንደገና ሊከፈል ነው።

መጠኑን የሚወስነው ፈቃድ ሰጪው ነው፤ እናንተም ግን የራሳችሁን ልኬት ይዛችሁ ግቡ። 18 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ሲቆፈር ጠርዙ ስለሚላላ ግራና ቀኙ 30 ሳንቲ ሜትር ተነቅሎ እንደገና ይነጠፋል እንበል። ስፋቱ 1.20 ሜትር፣ የሚመለሰው 21.6 ካሬ ሜትር ይሆናል። የካሬው ዋጋ 2,000 ብር ቢታሰብ 43,200፣ ከ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 49,680 ብር ነው። የቦዩን ስፋት ብቻ ለክቶ «10.8 ካሬ ሜትር ነው» ያለ ተቋራጭ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ቢሮ ውስጥም ሜዳ ላይም ይጣላል።

ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ለትንሽ ሥራ ይቀላል፤ ጉዳቱ ገንዘባችሁ እስኪመለስ መታሰሩ ነው። የባንክ ዋስትና ሲሆን ባንኩ በጥሬ ገንዘብ ወይም በንብረት መያዣ ይጠይቃል፤ ኮሚሽኑን ብዙ ጊዜ በየሦስት ወሩ ያስባል። የኢንሹራንስ ቦንድ ይረክሳል፤ ነገር ግን ሁኔታዊ ከሆነ፣ ማለትም ጥፋቱ መጀመሪያ ይረጋገጥልኝ የሚል ከሆነ፣ ብዙ መሥሪያ ቤት አይቀበለውም። አረቦን (የኢንሹራንሱን ክፍያ) ከመክፈላችሁ በፊት ረቂቁን ለፈቃድ ሰጪው አሳዩ።

ደብዳቤው ላይ አራት ነገር በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ፦ የተጠቃሚው ሙሉ ስም፣ የሥራው ስምና ቦታ (ሰፈር፣ ከየት እስከ የት)፣ ገንዘቡ በአኃዝና በፊደል፣ የሚያበቃበት ቀን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 የዋስትናው ከፍተኛ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ስለሚል የገንዘቡ መስመር እንደ ቀላል አይታይም። የከተማው ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ፣ የባንኩ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ በቁቤ የተጻፈው የድርጅታችሁ ስም ከንግድ ፈቃዱ ጋር በአንዲት ፊደል እንኳ እንዳይለያይ። መሥሪያ ቤቱ የደብዳቤውን እውነተኛነት ከባንኩ ያጣራልና ቅርንጫፉ መልሱን ቶሎ እንዲልክ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከሁሉ በላይ የሚያጠፋው ቀን ነው። ፈቃዱ «ሰኔ 30 ቀን 2018» ይላል፤ ባንኩ ዘንድ ሲደርስ «ጁን 30 ቀን 2026» ተብሎ ይጻፋል። ጁን 30 ግን ሰኔ 23 ነው፤ ሰኔ 30 የሚውለው ጁላይ 7 ነው። ሰባት ቀን ጎደለ ማለት ነው፤ በእነዚያ ሰባት ቀናት መንገዱ ያለ ዋስትና ይቀራል፣ ሥራውም ሊቆም ይችላል። ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን አስጽፉ።

ሰኔ መጨረሻ ራሱ ለጅማ መጥፎ ቀን ነው። ግንቦት ላይ የተሞላ ቦይ የሚሰምጠው ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲገባበት ነው። ዋስትናው እስከ ጥቅምት ቢዘልቅ ኮሚሽኑ ትንሽ ይጨምራል፤ በአንጻሩ ክረምቱ መሐል ላይ መሥሪያ ቤቱ ለባንኩ «ይራዘም ወይም ይከፈል» ብሎ ከመጻፍ ያድናችኋል። ያ ደብዳቤ ከደረሰ ሁኔታዊ ባልሆነ ዋስትና ባንኩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይመረምርም፤ ይከፍልና ከእናንተ ሒሳብ ይወስዳል።

ዋስትናው በሰላም እንዲመለስ ሙሌቱ ላይ አትሰስቱ። የወጣው እርጥብ ቀይ ጭቃ አይመለስበት፤ ደረቅ ሴሌክት ማቴሪያል (የተመረጠ የሙሌት አፈር) ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እየተነጠፈ እያንዳንዱ ንብርብር በኮምፓክተር (በመጠቅጠቂያ ማሽን) ይመታ። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለውን ቦይ በሁለት ዙር ሞልቶ ከላይ ብቻ መምታት ከሥር ባዶ ይተዋል፤ ኮብልስቶኑ ከላይ ያማረ መስሎ የመጀመሪያው አይሱዙ ሲያልፍበት ይሰረጉዳል። ድንጋዩ የሚቀመጥበት አሸዋ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ጉድለትን በአሸዋ መሙላት ዝናብ እንዲያጥበው መጋበዝ ነው።

ከመቁረጣችሁ በፊት ቦታውን ከሁለቱም ጫፍ ፎቶ አንሡ፤ ቀድሞ የተሰበረ የቦይ ክዳን ወይም የሰመጠ ጠርዝ ካለ ከመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ጋር በቃለ ጉባኤ ይፈረምበት። ያለ እሱ አሮጌው ስብራት ሁሉ በእናንተ ይቆጠራል። እያንዳንዱ ንብርብር ሲመታም ከሜትር ጋር ፎቶ ይነሣ።

ሥራው ሲያልቅ የርክክብ ማመልከቻ አስገብታችሁ በመዝገብ ቤት ቁጥር አስይዙ። ቦታው ታይቶ የመልቀቂያ ደብዳቤው ሲወጣ ዋናውን የዋስትና ደብዳቤ ከፋይሉ ተቀበሉና ለባንኩ መልሱ። ኮፒ አይበቃም፤ ዋናው ካልገባ ባንኩ መያዣውን ሳይለቅ ሊቆይ ይችላል። መያዣው የተነሣበትን ማረጋገጫ ሳትቀበሉ ከቅርንጫፉ አትውጡ።